ሳቅ፣ 12 ደቂቃ

ደብዳቤው የመጣው ማክሰኞ ዕለት ነው። ጀርመን የኖረ ያውቀዋል፣ የፖስታ ሳጥን ሲከፈት ልብ ድንግጥ ይላል። ይሄኛው ከአከራዮቻችን ነበር። ሁለት ገጽ። የመጀመሪያው «እጅግ የተከበሩ አቶ» ብሎ ይጀምርና፣ መሀል ላይ ከቤት ስለመውጣት አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጣል ያደርግና፣ «ከወዳጃዊ ሰላምታ ጋር» ብሎ ይሰናበታል። በወዳጃዊ ሰላምታ የሚያልቅ ዛቻ ያየሁት እዚህ አገር ነው።

ሁለተኛው ገጽ ሰንጠረዥ ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ የድምፁ ዓይነት፣ የቆየበት ጊዜ። የሦስት ሳምንት ኑሯችን እንዳለ ተመዝግቧል።

«እሁድ፣ 14፡05። ተደጋጋሚ ምት፣ ምናልባት መዶሻ። 6 ደቂቃ።»

«እሁድ፣ 14፡40። ሳቅ፣ ብዙ ሰው። 12 ደቂቃ።»

«ረቡዕ፣ 22፡15። ወንበር መጎተት። 1 ደቂቃ።»

መዶሻ የተባለው ሙቀጫ ነው። ባለቤቴ ከደብረ ብርሃን በሻንጣ ይዛው የመጣችው፣ ኤርፖርት ላይ ግማሽ ሰዓት ያስፈተሸን የእንጨት ሙቀጫ። በማሽን የተፈጨ ቡና፣ ቡና አይመስላትም። የሙቀጫው ይሁን። እኛ ወለል ላይ የተወቀጠ ቡና ታች ላለ ሰው አናቱ ላይ ነው የሚወቀጠው። የወንበሩም ይሁን። የሳቁ ግን አልወጣልኝም። ሰው ቁጭ ብሎ፣ ሰዓት ይዞ፣ የሰው ሳቅ ይለካል? የሳቅንበትንም አስታውሳለሁ። አንድ ጓደኛችን መንጃ ፈቃድ ሲፈተን ሞተሩ አራት ጊዜ እንዴት እንደጠፋበት እያወራልን ነበር። አራተኛው ላይ ፈታኙ ፀሎት ጀመረ አለን። በዚህ ያልተሳቀ በምን ይሳቃል?

ሰንጠረዡን የጻፉት የታችኛው ፎቅ እማማ ናቸው። ስም አልተጻፈም፣ ግን ከኛ በታች ሌላ ሰው የለም። አራት ዓመት ደረጃ ላይ «ጉተን ታግ» ተባብለናል። ፖስተኛው ዕቃ ሲያመጣና እኛ ከሌለን ተቀብለው ያስቀምጡልናል። ለገና በራችን እጀታ ላይ ብስኩት አንጠልጥለውልናል። ደብዳቤው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው እንኳ ፈገግ ብለው «መልካም ሳምንት» ብለውኛል። አንድ ቀን በሩን ቆርቆር አድርገው «ልጄ፣ ራሴን አሞኛል» ቢሉኝ ሙቀጫውን ፍራሽ ላይ አስቀምጬ አስወቅጠው ነበር። አላንኳኩም። ጻፉ።

ለነገሩ ደንቡ ከእሳቸው ጋር ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ጸጥታ ነው። እሁድና በዓል ቀኑን ሙሉ ጸጥታ ነው። የኛ ሕንፃ የራሱ ደንብ ደግሞ ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት የእረፍት ጊዜ ብሎ ይጨምርበታል። እንግዲህ 14፡05 በኛ ሰዓት 8 ከ5 ነው። እሁድ ነው፣ የእረፍት ሰዓት ነው፣ ሙቀጫውም ሙቀጫ ነው። በአንድ ዘነዘና ሦስት ጥፋት።

ሣር ማጨጃ ማሽን በመኖሪያ ሰፈር እሁድ አይነሳም፤ በሥራ ቀንም ከምሽቱ 2 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት አይነሳም። ቅጠል የሚነፋው ማሽንማ ጭራሽ ባሰበት፤ በአብዛኛው ከጠዋቱ 3 እስከ 7፣ ከዚያ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ይህ በፈረንጆቹ 2002 የወጣ የፌዴራል ደንብ ነው። ባዶ ጠርሙስ የሚጣልበት ትልቁ ሳጥን ላይ እንኳ የመጣያ ሰዓት ተጽፎበታል። እሁድ ቢራህን ትጠጣለህ እንጂ ጠርሙሱን አትጥልም።

ከሁሉ ያሳቀኝ ግን (ማንም እንዳይመዘግብብኝ ቀስ ብዬ ነው የሳቅኩት) የውሻው ነው። እዚሁ የምኖርበት ኮሎኝ ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በፈረንጆቹ 1993 አንድ የውሻ ክርክር ቀረበለት። ውሻ በአንድ ጊዜ ከ10 ደቂቃ፣ በቀን በድምሩ ከ30 ደቂቃ በላይ እንዳይጮህ ወሰነ። በእረፍት ሰዓትና ሌሊት ደግሞ ጨርሶ። ዛሬም ጎረቤት ከጎረቤት በውሻ ሲጣላ የሚጠቀሰው ይሄው ውሳኔ ነው። ኒውዮርክ ብትሄድም አታመልጥም፤ እዚያ ቀን 10 ደቂቃ፣ ሌሊት 5 ደቂቃ ሳያቋርጥ የጮኸ እንስሳ ባለቤቱን ያስቀጣል።

ይሄን ሳነብ የመጣብኝ እናቴ ግቢ ያለው ቦቢ ነው። ቦቢ የ30 ደቂቃ ራሽኑን ጅቡ ገና የበሬሳን ወንዝ ሳይሻገር ይጨርሰዋል። ከዚያስ? ጅብ አጥር ላይ ደርሶ ቦቢ ሰዓቱን እያየ ዝም ሊል ነው?

ፈረንሳዮቹ ግን አንጀቴን አራሱኝ። ኦሌሮን በምትባል ደሴታቸው ላይ ሞሪስ የሚባል አውራ ዶሮ ነበር። ለእረፍት ከከተማ የሚመጡ ጡረተኞች ጠዋት ጠዋት ጮኸብን ብለው ባለቤቱን ከሰሱ። በ2019 መስከረም ላይ ፍርድ ቤቱ ለዶሮው ፈረደለት። ከሳሾቹም ለባለቤቱ 1,000 ዩሮ ክፈሉ ተባሉ። በ2021 ደግሞ የገጠር ድምፅና ሽታ የአገር ቅርስ ነው የሚል ሕግ አወጡ። የዶሮ ጩኸት፣ የላም ቃጭል፣ የበረት ሽታ፣ ሁሉም። እስቲ አስቡት፣ የመንዝ በግ ጩኸት በሕግ ሲጠበቅ!

ጀርመኖቹም ቢሆኑ አንድ ነገር አላቸው፣ ሐሜቴን የሚቀንስ። በ2011 ሕጋቸውን አሻሽለው ከመዋዕለ ሕፃናትና ከመጫወቻ ሜዳ የሚመጣ የልጆች ድምፅ እንደ ረብሻ አይቆጠርም አሉ። ልጆቼ ኮሪደር ላይ ሲሯሯጡ ይሄን ሕግ እየጠቀስኩ እጽናናለሁ። ሕጉ ስለ ኮሪደር አያወራም፣ ግን ማጽናኛ ማጽናኛ ነው።

እንግዲህ በዚህ ቁስል ላይ እያለሁ ነው ባለፈው ጥር አገር ቤት የሄድኩት። ደብረ ብርሃን ታውቋታላችሁ፤ 2,800 ሜትር ላይ የተቀመጠች ከተማ፣ የጥር ሌሊቷ አጥንት ይሰብራል። ሦስት ጋቢ ደርቤ ተኛሁ። ሌሊት ቦቢ ጮኸ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተቀበለው። ወደ ደሴ የሚወጣ ሲኖትራክ ዳገቱን እያቃሰተ አለፈ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የእናቴ አውራ ዶሮ ጀመረ፣ ማዶ ያለው መለሰለት። ኮሎኝ ውስጥ ወንበር ሲጎተት የምባንን ሰውዬ፣ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

በማግስቱ አንድ ነገር አየሁ። እናቴ ሰርቪሷን ለአንዲት ነርስ አከራይታለች። ልጅቷ ሌሊት ተረኛ ስትሆን ጠዋት ነው የምትተኛው። ቡና ላይ ሆነን መጥታ ቆመች። «እማማ፣ አይቀየሙኝና፣ ይሄ ዶሮ ጠዋት ጠዋት እንቅልፍ ነሳኝ» አለች።

«እኔን ልጄን! እስካሁን ምነው ዝም አልሽ?» አለች እናቴ። ስኒዋን አስቀምጣ ተነሳች። ዶሮውን ግቢው ውስጥ አሯሩጣ ያዘችው፣ እንቅብ ደፋችበት፣ ከላይ ድንጋይ ጫነችበት። አውራ ዶሮ አንገቱን ካላሰገገ መጮህ አይሆንለትም፤ እንቅቡ ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። ከውስጥ «ቅርርር» የሚል ቅሬታ ብቻ ተሰማ። ልጅቷ ሁለተኛውን ቡና ጠጥታ ገብታ ተኛች። ዶሮው ምሳ ሰዓት ላይ ተፈታ። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ተረኛ ባደረች ቁጥር ዶሮው እንቅብ ይገባል። ሰንጠረዥ የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ፣ ወዳጃዊ ሰላምታ የለ።

ይሄን ጽሑፍ እዚህ ላይ ልጨርሰው ነበር፣ እውነቴን ነው። እነሱ ይጽፋሉ፣ እኛ እንነጋገራለን ብዬ፣ ደረቴን ነፍቼ። ግን ማክሰኞ መጣ።

ከእናቴ ግቢ ቀጥሎ፣ ድሮ የጭድ ክምር የነበረበት ቦታ ላይ፣ አሁን ግሮሰሪ አለ። እስከዚያ ቀን ጸጥ ያለው ለካ ስፒከሩ ተቃጥሎ አዲስ አበባ ለጥገና ሄዶ ነው። ማክሰኞ ማታ ተመለሰ። በር ላይ፣ ፊቱን ወደኛ አዙረው ተከሉት። የእናቴ ቡፌ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች በየምቱ ይንጫጫሉ። አልጋው ሲርገበገብ በጀርባዬ ይሰማኛል። ቦቢ እንኳ ተስፋ ቆርጦ ቤት ሥር ገባ። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ማጉያ አልናገርም፣ እናቴ ታነባለች። የስፒከሩን ግን እናገራለሁ።

«ሁሌ እንዲህ ነው?» አልኳት ጠዋት። ከጆሮዋ ጥጥ እያወጣች «ምን ይደረግ ልጄ፣ የሰው እንጀራ ነው» አለች። ወንድሜ ደግሞ ሳቀብኝ። «ሰው ተኩስ ሳይሰማ ባደረ ተመስገን በሚልበት ዘመን አንተ ስለ ሙዚቃ ታወራለህ» አለ። አፌን አስያዘኝ። ግን ሰው ተኩስ ስላልሰማ መተኛት የለበትም ማለት ነው?

እናቴ ለዶሮው እንዳደረገችው እኔም ሄጄ ላናግር አልኩ። ባለቤቱ አብሮ አደጌ ሆኖ ተገኘ። አቅፎ አነሳኝ። ሁለት ቢራ በግድ አስጠጣኝ፣ ሒሳብ አልቀበልም አለ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀ። በመጨረሻ «እባክህ ድምፁን ቀነስ አድርግልን፣ እናቴ አትተኛም» አልኩት። «ኧረ በሞቴ! ለእማማማ!» ብሎ ወዲያው ቀነሰ። ደስ ብሎኝ ገብቼ ተኛሁ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ብርጭቆዎቹ እንደገና መንጫጫት ጀመሩ። ዶሮ እንቅብ ይደፋበታል። ስፒከር ላይ ምን ይደፋል?

ተነሳሁ፣ መብራት አበራሁ፣ የልጅ ደብተር ፈለግኩ። መጻፍ ጀመርኩ። ቀን፣ ሰዓት፣ የድምፁ ዓይነት። ሁለት ሌሊት ጻፍኩ። ስጽፍ እንደ ማረፍም አደረገኝ፣ አልዋሽም።

አርብ ጠዋት ደብተሬን ይዤ የሚመለከተው ወደተባለ ቢሮ ሄድኩ። በባዶ እጄ አልሄድኩም፣ አንብቤ ነው። ሕግ የለንም የሚል ካለ ተሳስቷል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ጨምሮ ነው የሚያወራው። በደረጃው መሠረት በመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው ጣሪያው። ይሄ ከጀርመኖቹ ብዙም የራቀ አይደለም። የጎደለው ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ስልክ ተደውሎለት የሚመጣ ሰው ነው።

ቢሮ የነበረው ወጣት ጥሩ ልጅ ነው። ወንበር ሰጠኝ። «ልክ ነህ፣ አዋጁ አለ። መለኪያው ነው የሌለን» አለኝ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። «እዚያ እንዴት ነው?» ሲለኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የታችኛዋን እማማ ማመስገን ጀመርኩ። እንዴት በሰዓቱ እንደሚጽፉ፣ አከራዩ እንዴት በሳምንቱ መልስ እንደሚሰጥ፣ እኛ እንዴት ከዚያ ወዲህ ሙቀጫውን በፎጣ ጠቅልለን እንደምንወቅጥ። ቢያንስ የጻፉት ወረቀት የሚደርስበት አለው አልኩት። በስሜት ነው ያወራሁት።

ልጁ ደብተሬን ተቀብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«ረቡዕ ሌሊት። 4፡50፣ ዝቅ አለ። 5፡10፣ ተመለሰ። 6፡30፣ የሞተር ድምፅ፣ ባጃጅ፣ ጥሩምባ ሦስት ጊዜ። 7፡25፣ ሳቅ፣ ብዙ ሰው...»

አቆመ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ሳቅም ትከሳለህ?»

ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። ደብተሩን አጣጥፎ መለሰልኝ። በማመልከቻ መልክ ይጻፍ፣ የጎረቤት ፊርማ ይሰብሰብበት፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ስለሆኑ ሰኞ ና አለኝ። ቤት ገብቼ የመጀመሪያውን ፊርማ እናቴን ጠየቅኳት። «በሰው እንጀራ ላይ? እኔ?» ብላ እስክሪብቶውን ወደኔ ገፋችው። በረራዬ ደግሞ እሁድ ሌሊት ነው።