ከለላው የተፈታ ግራይንደር

መርካቶ ምናለሽ ተራ የገባ ሰው ያን ድምፅ አይረሳውም። መዶሻው መሮውን፣ መሮው በርሜሉን። አንድ ወጣት ከመኪና ባሌስትራ በተሠራ መሮ በርሜል ሲሰነጥቅ ቆሜ አይቻለሁ። መስመሩ ዝንፍ አይልም። መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም።

እኔም በግቢዬ ጥግ የምሠራው እንደዚያው ነው። ለ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ (ዝርግ ብረት) ሞርሳ (ብረቱን ነክሶ የሚይዝ ማሰሪያ)፣ መሮና መዶሻ ይበቁኛል። ያሰመርኩትን መስመር ከሞርሳው አፍ ጋር እኩል አድርጌ አጠብቀዋለሁ። መሮውን ጋደም አድርጌ ከጥግ እጀምራለሁ። የሞርሳው ጠርዝ እንደ መቀስ አንዱ ስለት ያገለግለኛል። ላሜራው ወፈር ካለ መስመሩን ተከትዬ አጠጋግቼ በድሪል እበሳዋለሁ፤ በቀዳዳዎቹ መሀል የቀረውን መሮ ይጨርሰዋል። ጠርዙ ሞረድ ይፈልጋል እንጂ ሥራው ሥራ ነው።

ስለዚህ «እንዲህ ያለ መሣሪያ ኋላ ቀር ነው፣ አደገኛ ነው» ሲባል አልስማማም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ግራይንደር በሚሽከረከር ዲስክ ብረት የምትቆርጥ የእጅ ማሽን ናት፤ ከለላዋ ዲስኩን የሚሸፍነው ብረት ነው። የትንሿን ግራይንደር ከለላ ፈትቶ ትልቅ ዲስክ መግጠም ልማድ ሆኗል። «ከለላው ሥራ ያጓትታል፤ ትልቁ ዲስክ ጠልቆ ይቆርጣል፣ ቶሎም አያልቅም» ይላሉ። አዎ፣ ጠልቆ ይቆርጣል። ግን ቁጥሩን እንየው። ለ115 ሚሊ ሜትር ዲስክ የተሠራች ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ትዞራለች። የ180 ሚሊ ሜትር ዲስክ ላይ የተጻፈው ጣሪያ ግን 8,500 አካባቢ ነው። ትንሿ ላይ ሲገጠም ጠርዙ በሰከንድ ከ100 ሜትር በላይ ይበርራል። የተፈቀደለት 80 ነው። ከለላው ካልተፈታ ደግሞ ዲስኩ አይገባም። ስለዚህ ዲስኩ ሲሰበር ፊታችንና ስባሪው መሀል ምንም የለም።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። አንድ ቅዳሜ ላሜራውን በእግሬ ረግጬ እቆርጥ ነበር። ከሥሩ ምንም አላስደገፍኩትም። ልጨርስ ስል ላሜራው ጎበጠና ዲስኩን ነከሰው። የሰማሁት አንድ ጩኸት ብቻ ነው። ስባሪው ከኋላዬ ያለው የእንጨት ምሰሶ ውስጥ፣ በአንገቴ ልክ ተሰክቶ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ላሜራውን ከሁለት ወገን አስደግፋለሁ፤ ተቆርጦ የሚወድቀው ጎን ወደ ታች እንዲከፈት እንጂ እንዲቆነጥጥ አልተውም። የዲስኩንም ዕድሜ አያለሁ፤ መሀሉ ላይ ባለው የብረት ቀለበት ተጽፏል።

ቤንዚን የነበረበትን በርሜል በግራይንደር መንካትማ ፈጽሞ አይሆንም። ባዶ ነው ብላችሁ አትመኑት። የቀረው ትነት ለአንዲት ብልጭታ ይበቃል።

ዓይንም አለ። ብናኝ ሲገባ ጓደኛ በክብሪት እንጨት ወይም በመሀረብ ጫፍ ያወጣዋል። እዚህ ላይ እባካችሁ ስሙኝ። ብረት ዓይን ውስጥ በሰዓታት ውስጥ መዛግ ይጀምራል። ብናኙ ቢወጣም የዝገቱ ቀለበት ሊቀር ይችላል። ይህ የዓይን ሐኪም ሥራ ነው።

ወርክሾፕ ያላችሁ ወንድሞቼ፣ ለለማጁ ልጅ ግራይንደሩን ከመስጠታችሁ በፊት ከለላውን መልሳችሁ እሰሩለት። መነጽሩንም እናንተ ግዙለት፤ በሚያገኛት የቀን አበል እሱ አይገዛውም።