ተቃቀፉ፣ አለቀ!

የጅማ ወላጅ ትምህርት ቤት ማማት ይወዳል። ባጃጅ ውስጥ ሐሜት፣ ቡና ላይ ሐሜት፣ ልቅሶ ቤት እንኳ ሐሜት ነው። «ልጄን እየሰደቡብኝ ዝም አሉ።» «ልጄን እየለከፉብኝ ምንም አላደረጉም።» እኔ ግን ዛሬ ለዲሲፕሊን ኮሚቴዎቻችን ጥብቅና ልቆም ነው። የለፋ ሰው መመስገን አለበት።

ዝም አሉ ማለት ምን ማለት ነው? እስቲ ጠዋት ደወል ከመደወሉ በፊት አንዱ ትምህርት ቤት በር ላይ ቁሙ። ዩኒት ሊደሩ መቀስ ይዘዋል። ጥበቃው አርጩሜ ይዘዋል። ጎንና ጎኑን ተላጭቶ መሀሉን ያስቀረ ልጅ እዚያው በር ላይ በነፃ ይስተካከላል። ሸሚዙን ያላስገባ ይመለሳል። ካልሲዋ ነጭ ያልሆነ ትመለሳለች። ጫማው ጭቃ የነካም ይመለሳል። ወሩ መስከረም ነው፣ ከተማው ጅማ ነው፣ ዝናቡ ገና አላባራም፤ ቢሆንም ሕግ ሕግ ነው። ከቦሳ በእግሩ የመጣ ልጅ ጫማው እንዳይቆሽሽ መብረር ነበረበት።

እንግዲህ ጫማ ውስጥ የተደበቀ ካልሲ የሚያይ ዐይን አላቸው። ይህ ዐይን ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ሊውል አይችልም። ዐይንም ሰው ነው፤ ያርፋል። የሚያርፈው ደግሞ በእረፍት ሰዓት ነው። ልጆቹ የሚሰዳደቡትና የሚለካከፉት በእረፍት ሰዓት መሆኑ የኮሚቴው ጥፋት አይደለም።

የአንድ ልጅ ጉዳይ ልንገራችሁ። አያቱ ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ መርካቶ ወርደው ጀበና ይሸጣሉ። ይህን የክፍሉ ልጆች ደረሱበት። ከዚያ ወዲያ ማንም በስሙ አይጠራውም። ሌላ ስም አለው፣ እዚህ የማልጽፈው። አብሮት የሚቀመጥ ጠፋ። እሱ በጠጣበት ኮዳ ውሃ የሚጠጣ ጠፋ። ልጁ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ሄዶ ነገራቸው። መምህሩም «አንተ ደግሞ፣ በስም ይጣላሉ እንዴ? የልጅ ጨዋታ ነው» ብለው አጽናኑት። ሲደጋገም ግን ነገሩ ኮሚቴ ደረሰ።

ኮሚቴው በሙሉ አባላቱ ተሰበሰበ። ቡናም ተፈላ። የጅማ ስብሰባ ያለ ቡና አይሞቅም። ጀበናውን ማን እንደሠራው ቃለ ጉባኤው ላይ አልሰፈረም።

ውሳኔው ሁለት ዙር ነበረው። ነገሩን ፍትሐዊ ለማድረግ ሦስቱ ተሳዳቢዎችና አንዱ ተሰዳቢ እኩል ተንበረከኩ። ጠጠሩ ለማንም አላዳላም። ቀጥሎ ያቺ የታወቀች ትእዛዝ መጣች፤ «በሉ ተቃቀፉ፣ አለቀ!» ተቃቀፉ። ሦስቱም በየተራ አቀፉት። እያቀፉትም ጆሮው ላይ ያንኑ ስም በሹክሹክታ ደገሙለት። ኮሚቴው አጨበጨበ። ይህን ያህል የተሟላ እርቅ የት ይገኛል? አንድ ነጠላ ጉዳይ በአንድ ስብሰባ ተዘጋ፣ ቡናውም ገና ሦስተኛው አልደረሰም ነበር።

መንበርከኩን የሚቃወሙ አሉ። ሕገ መንግሥቱን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ በአካላቸው ከሚፈጸም ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ይደነግጋል። ኮሚቴዎቻችንም አንቀጹን በደንብ ያውቁታል። አርፍዶ የመጣ ሲገረፍ ትዝ አይላቸውም እንጂ ለካፊ ሲከሰስ ወዲያው ትዝ ይላቸዋል። «ልጅ ነው እኮ፣ የልጅ መብት አለው፣ ወደፊቱ እንዳይበላሽ» ይላሉ። እሷም ልጅ ናት የሚል ሰው ካለ አጀንዳው ላይ አልተያዘም።

እሷ ያልኳችሁ የስምንተኛ ክፍሏ ናት። ከክፍል ወደ መጸዳጃ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ጎረምሶች ተደርድረው ይጠብቋታል። አንዱ ቦርሳዋን ይጎትታል፣ አንዱ እጇን ይይዛል፣ ሌላው ስለ ሰውነቷ ያወራል። ዩኒት ሊደሩ ጋ ሄደች። የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ለብሰሽ ነበር?» የሚል ሆነ።

«ዩኒፎርም።»

ዩኒፎርሙን የመረጠው ትምህርት ቤቱ ነው። ጨርቁን የመረጠው ትምህርት ቤቱ ነው። የቀሚሱን ርዝመት ጠዋት ጠዋት የሚያረጋግጠውም ትምህርት ቤቱ ነው። ሆኖም ጥያቄው መጠየቅ ነበረበት፤ ቅጹ ላይ አለ መሰለኝ። ከዚያ ምክር ተከተለ። «ለብቻሽ አትሂጂ። በወዲያ በኩል ዙሪ። ውሃ አታብዢ። ዝም ስትያቸው ይተዉሻል፣ የእኔ እናት።» ልጅቷ አሁን ጠዋት ከቤት ከወጣች ውሃ አትቀምስም። መንገዱ ላይ የሚቆሙት ጎረምሶች ግን ቦታቸውን አልለቀቁም። ማን ይልቀቁ አላቸው?

ደግሞ ትምህርት ቤቱ ምንም አላስተማረም እንዳትሉ። የዳይሬክተሩ ቢሮ በር ላይ «ጾታዊ ትንኮሳን በጋራ እንከላከል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ማርች 8 ሲደርስ ሚኒ ሚዲያው ግጥም ያነባል፣ ክበቡ ድራማ ያሳያል። ዘንድሮ ለካፊውን የሚፈርድበትን ዳኛ ሆኖ የተወነው ከመንገዱ ጎረምሶች አንዱ ነው። ድምፁ ጎርናና ስለሆነ ተመረጠ። ጥሩ ፈረደ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ነገሩ ወደ ስልክ ሲዞር ኮሚቴው የበለጠ ተራቀቀ። የክፍሉ ልጆች ለቤት ሥራ ብለው የከፈቱት የቴሌግራም ግሩፕ ነበራቸው። እዚያ ላይ የዚያችኑ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ፎቶ ከሌላ ፎቶ ጋር አጣብቀው ለጠፉት፣ ከሥሩም ሃይማኖቷን የሚያጥላላ ጽሑፍ ጨመሩበት። ቤተሰብ መጣ። ኮሚቴው ግን «ከግቢ ውጭ የተፈጸመ ስለሆነ አይመለከተንም» አለ። አባትየው ሞገደኛ ቢጤ ናቸውና «በር ላይ የምታርሙትን ፀጉርስ ልጁ የተቆረጠው ግቢ ውስጥ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ሥነ ሥርዓት እንዲይዙ ተነገራቸው።

አባትየው ሕግም ጠቀሱ። በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185 በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳተኝነት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻን የሚቀሰቅስ ንግግር በማኅበራዊ ሚዲያ ማሰራጨትን ይከለክላል። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ነው። «ልጆቹ ይታሰሩልኝ አላልኩም» አሉ፤ «አገር አዋጅ ያወጣለትን ነገር እናንተ ቀልድ አትበሉት ነው ያልኩት።» ምላሹ ፈጣን ነበር። ማስረጃው የት አለ ተባለ። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ አሳየች። ስልክ ይዞ ግቢ መግባት ክልክል ነው፤ ስልኳ ተወረሰ። ማስረጃውም አብሮ ተወረሰ። ቅልጥፍና ይሏል ይሄ ነው!

አንዳንድ ሰው ሌላ አገር ያለ ይመስል ምክር ይለግሳል። ተበዳይና በዳይ አንድ ክፍል ውስጥ አይጋፈጡ፣ ለየብቻ ይሰሙ ይላል። የተባለው ቃል በቀኑና በቦታው ይመዝገብ ይላል። ወላጅ ሲጠራ የበዳዩ ይጠራ፤ ቅጣቱ ደረጃ ይኑረው፤ ከሳምንታት በኋላ ተበዳዩን «አሁንስ እንዴት ነህ?» የሚል መምህር ይመደብ ይላል። የሚሰድበው ልጅ ስድቡን ከየት እንዳመጣው ይጠየቅ፣ እሱም ይማር ይላል። ወገኖቼ፣ ይህ ሁሉ ሥራ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ያን ሁሉ ልጅ አጭቆ የሚያስተምር መምህር ጊዜ ከየት ያምጣ? ይህቺን እንኳ ያለ ሽሙጥ ነው የምላት። መቀሱን የሚይዝ ሰው ግን በየቀኑ ይገኛል።

ዳይሬክተሮቻችን ደግሞ የአገራቸውን ታሪክ ያነበቡ ናቸው። ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1870ዎቹ የምኒልክን ጉልበት አይተው፣ ግብር ለመክፈል ተስማምተው፣ ጅማን ሳያስወርሩ አቆይተዋል። ጂሬን ላይ ያለውን ቤተ መንግሥታቸውን እስከ ዛሬ የምንጎበኘው በዚያ ብልሃት ነው። የእኛም ዳይሬክተር ብልህ ናቸው። የዋናው ለካፊ አባት የወላጅ መምህር ኅብረት አባል ናቸው፤ ላይብረሪው ሲታደስ ሲሚንቶ ሰጥተዋል። ዳይሬክተሩ ጉልበት አዩ፣ ተስማሙ፣ ወንበራቸውን አቆዩ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ አባ ጅፋር ግብሩን ራሳቸው ነበር የሚልኩት። እዚህ ልጅቷ ናት የምትከፍለው።

ዓመቱ ሲያልቅ ሪፖርት ይጻፋል። «የሥነ ሥርዓት ግድፈቶች» በሚለው ሥር ፀጉር፣ ካልሲ፣ ማርፈድ፣ ማስቲካ በዝርዝር ሰፍረዋል። «ትንኮሳና ጥላቻን መሠረት ያደረጉ ድርጊቶች» ከሚለው ፊት ለፊት ዜሮ ተጽፏል። ዜሮው ትክክል ነው። የተቃቀፈ ሰው አይቆጠርም።

የልጅቷ አባት በመጨረሻ መልቀቂያ ጠየቁ። እዚህ ላይ ኮሚቴውንም ቢሮውንም ከልቤ አደንቃለሁ። ለወራት አቤቱታዋን የሚፈርም ሰው የጠፋበት ቢሮ መልቀቂያዋን ከምሳ በፊት ጨረሰ። ፎቶ ተለጠፈ፣ ማኅተም ተመታ፣ ፊርማው ሦስት ነው። አባትየው ደረጃው ላይ ቆመው አነበቡት። አማካይ ውጤት፦ 91። ጠባይ፦ «ለ»። አስተያየት፦ ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ከጓደኞቿ ጋር ተግባብቶ መኖር ይቀራታል።