ስለ እሳት አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም

ባል አለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ለእሳት አደጋ ሠራተኛነት! ሦስት ሰው ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ፣ ፋይሌን ከፊቱ ዘርግቶ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ባል አለሽ ወይ ነው።

ገና ከግቢው መውጣቴ ነው። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው፣ ነገ ከሆነማ እተወዋለሁ። የቱ ከተማ እንደሆነ አልናገርም። ወሎ ውስጥ ነው። ጓደኞቼ ታውቁታላችሁ፤ የቀራችሁት ከኮምቦልቻ እስከ ወልድያ የፈለጋችሁትን አስቡ።

አካል ብቃቱን አልፌያለሁ። ይሄ ይሰመርበት። ሩጫውን ከብዙዎቹ ወንዶች ቀድሜ ነው የጨረስኩት። አሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ ተሸክሞ ደረጃ መውጣትም ነበረበት፤ ወጣሁ። ማን ነው እኔን በሸክም የሚፈትነኝ? ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አዝዬ ዳገት እየወጣሁ ነው ያደግኩት። የሰፈራችንን ቧንቧ ታውቁት የለ? በፈረቃ፣ ያውም በሌሊት። ያ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ልብሱ፣ ሄልሜቱ፣ ቦት ጫማውና ጀርባው ላይ የሚያዝለው የአየር ሲሊንደር ሲደመር ከ20 ኪሎ ያልፋል። የእኛ ሰፈር ሴቶች ይህን ሸክም በልጅነታቸው ነው የጀመሩት።

የጽሑፍ ፈተናውንም አልፌያለሁ። እዚያም ስለ እሳት የሚያወራ ጥያቄ ብፈልግ አጣሁ። የመልካም አስተዳደር መርሆዎች፣ የሥራ ሥነ ምግባር፣ የደንበኛ አያያዝ። እሺ፣ ዋናው ነገር ቃለ መጠይቁ ላይ ይመጣል ብዬ ተጽናናሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሳጠና አደርኩ። ቤት ሲቃጠል ሰውን በአብዛኛው የሚገድለው ነበልባሉ ሳይሆን ጭሱ እንደሆነ። ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ወለሉን ይዞ በእንብርክክ መሄድ እንደሚሻል። የተዘጋን በር ከመክፈት በፊት በእጅ ጀርባ ሙቀቱን መለካት እንደሚገባ። ጋዝ ሲሸት መብራት ማብራትም ማጥፋትም እንደማይፈቀድ። ሁሉንም በቃሌ ይዤ ነው የገባሁት።

ከዚያ መሃል የተቀመጡት ሰውዬ ፋይሌን ገለጥ ገለጥ አደረጉና፦

«አንቺ ልጅ፣ ባል አለሽ?»

«የለኝም ጋሼ።»

«እጮኛስ?»

ዝም አልኩ። ምን ይመለሳል?

«ሌሊት 8 ሰዓት ጥሪ ቢመጣ ከወንዶች ጋር መኪና ላይ ተሳፍረሽ ልትሄጂ ነው?»

«አዎ ጋሼ። እሳት ሰዓት አይመርጥም።»

በግራ በኩል ያለው ወጣቱ፣ በዕድሜ ብዙም የማይበልጠኝ፣ ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ ቀና አለና «እሳት ካማረሽማ ማዕድ ቤት አለልሽ» አለኝ። ሳቁ። ሦስቱም። አንዷ ሴት ነበረች፤ እሷም ሳቀች። ከሁሉም ያንገበገበኝ የእሷ ነው።

እኔ ግን አላለቀስኩም። ማዕድ ቤት ከተባለማ እሺ፣ ከማዕድ ቤት እንጀምር። «ይቅርታ ወንድሜ፣ መጥበሻ ላይ ዘይት እሳት ቢይዝና ውሃ ብትደፋበት ምን ይሆናል?» አልኩት።

«ይጠፋላ!» አለኝ።

ወላሂ እንዲህ ነው ያለው። «ይጠፋላ!» አለ፣ በሙሉ ልብ።

አይጠፋም ወንድሜ! ውሃው የጋለውን ዘይት ሲነካ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ ውሃ እንፋሎት ሲሆን ደግሞ 1,700 ጊዜ ያህል ይሰፋል። የሚነደውን ዘይት ይዞት ወደ ላይ ይፈነዳል። ኮርኒስህ ይያያዛል፣ ፊትህ ይቃጠላል። ምድጃውን ታጠፋለህ፣ መጥበሻውን በክዳን ትከድነዋለህ፣ አየር ሲያጣ ይጠፋል። ይህንን አንድ በአንድ ነገርኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። ክፍሉ ጭጭ አለ።

ሰውዬው መነጽራቸውን አውልቀው «ጎበዝ ነሽ» አሉ። ልቤ ተስፋ አደረገ። ቀጠሉና «ድምፅሽም ጥሩ ነው። ወደፊት ስልክ የምታነሳ ልጅ ስንፈልግ እናስታውስሻለን። ውጪ ጠብቂ» አሉኝ።

አለቀ። ስለ ቱቦ የለ፣ ስለ ጭስ የለ፣ ስለ መሰላል የለ። ስልክ ማንሳትን ንቄ አይደለም። የተደናገጠ ሰው ደውሎ ሲጮህ አረጋግቶ አድራሻ መቀበል ትልቅ ሙያ ነው። ግን እኔ የተወዳደርኩት ለዚያ አይደለም፤ የሮጥኩት ለዚያ አይደለም።

ደግሞ ምዝገባው ትዝ አለኝ። ማስታወቂያው ላይ «0 ዓመት» ይላል። መዝጋቢዋ ግን የሥራ ልምድ አምጪ አለችኝ። እህቴ፣ 0 ዓመት ነው የሚለው ስላት «ቢኖርሽ ይሻላል ብዬ ነው» አለች። የእሳት አደጋ ልምድ ከእሳት አደጋ ቢሮ ሌላ ከየት ይመጣል? ከዚያ የመታወቂያ ኮፒ የፊትና የኋላ፣ ከዚያ ኮፒው ደብዝዟል፣ ከዚያ መብራት የለም፣ ከዚያ ማኅተም የያዘው ሰውዬ ለቅሶ ሄዷል።

ለምን ይህን ያህል ታካብጃለሽ የምትሉኝ ካላችሁ የሰፈራችንን ቃጠሎ አስታውሱ። ቤቶቻችን ጭቃ ናቸው፣ ግድግዳቸው እንጨት፣ ኮርኒሳቸው ማዳበሪያ። አንዱ ሲያያዝ ቀጣዩ እስኪደርሰው ደቂቃ አይፈጅም። መኪናው መጣ፣ ግን ቅያሱ ጠቦት ሊገባ አልቻለም። ሰዉ በባልዲ ውሃ ይደፋል፤ ሽቦው ግን መብራት እንዳለው ነው! ቆጣሪውን አጥፉ እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ። የሰማኝ አንድ ጎረምሳ ነው፣ እሱ ሮጦ አጠፋው። ሰው አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ። ቤታቸው የነደደባቸው እትዬ ግን የልጃቸውን ጥሎሽ እንኳ ማውጣት አልቻሉም። እሳቸው ደረታቸውን ሲደቁ አይቼ ነው ይህን ሥራ የፈለግኩት።

ሌላም አለ። የደሴንና የአካባቢውን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማታ ከሰል ተያይዞ ቤት ይገባል፣ በር ይዘጋል፣ ይተኛል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው እንቅልፍ ላይ እንዳለ ነው የሚወስደው። ይህን ቤት ለቤት ዞሮ ለእናቶች የሚነግር ማን ነው? እናቶቻችን ጓዳ ድረስ ማን ይገባል? እኔ እገባለሁ። ቡና ጠጪ ይሉኛል፣ እነግራቸዋለሁ። ይህንን ልነግራቸው ነበር፣ ቢጠይቁኝ።

ጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ሁላችንም በስልካችን አይተናል። አዲስ አበባ ነው ያ፤ ዋና ከተማ፣ ለእሳት አደጋ 939 የሚደወልበት። ስንቱ ነጋዴ በአንድ ሌሊት ባዶውን ቀረ። የእኛ ገበያ ከዚያ በምን ይሻላል? ሱቁ ከሱቅ ተጣብቆ፣ ሸራው ከሸራ ተያይዞ፣ ጨርቁ፣ ፕላስቲኩ፣ ሽቦው አንድ ላይ። እኛ ጋ የሚቀጠረውን ሰው ግን የሚመርጠው ዘይት ላይ ውሃ ቢደፋ ይጠፋላ የሚለው ልጅ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ውጪ ስጠብቅ አንድ ልጅ ወጣ። አውቀዋለሁ፣ ሩጫው ላይ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ቁጭ ብሎ ሆዱን ይዞ የነበረው ነው። «ነገ ለጤና ምርመራ ና ተባልኩ» አለኝ ፈገግ ብሎ። እንኳን ደስ አለህ አልኩት። ምን ልበለው? እሱ ምን አጠፋ? የማን ዘመድ እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ግን አንድ ቀን ጭስ በሞላው ቤት ውስጥ ሰው ወድቆ ቢጠብቀው፣ እንዴት ነው ጎትቶ የሚያወጣው? ለራሱም እፈራለታለሁ።

ቅሬታ ሰሚ ጋ ሄድኩ። ስብሰባ ላይ ናቸው። መቼ ይወጣሉ? አይታወቅም። በጽሑፍ አስገቢ አሉኝ። ወረቀት ገዝቼ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ጽፌ አስገባሁ። መዝገብ ቤቷ ልጅ ተቀብላ ቁጥር ሰጠችኝ። «አብሽሪ እህቴ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። ዛሬ ሰው ሆና ያናገረችኝ እሷ ብቻ ናት።

እማዬ ስልክ ላይ «ሪዝቅሽ ካልሆነ አይሆንም ልጄ፣ ተይው» አለችኝ። በሪዝቅ አምናለሁ እማ። ግን ዛሬ በሩን የዘጋብኝ ሰው ነው፤ ወንበሩንም ስሙንም አውቀዋለሁ። ዱዓ አድርጊልኝ፣ ተይው ግን አትበይኝ።

አሁን ደክሞኛል። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ኮምቦልቻም ይሁን ሐይቅ፣ ወልድያም ይሁን መርሳ፣ የእሳት አደጋ ቅጥር ማስታወቂያ ተለጥፎ ያያችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። የምዝገባው ቀን በደንብ እንዲታይ አድርጋችሁ አንሱት፣ ባለፈው አንዳችሁ የላካችሁልኝ ግማሹ ተቆርጦ ነበር።