ጀርባው ባዶ የሆነ ፎቶ

ባለፈው ዓመት አጎቴ አረፉ። ልቅሶው ደሴ፣ ሸዋ በር ነበር። ዕድሩ ድንኳን ተከለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ቡና ተቆላ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ "ፎቷቸውስ?" አሉ።

ሁሉም ስልኩን አወጣ። የአጎቴ ትንሿ ልጅ ስልክ ውስጥ 7 ሺህ ምናምን ፎቶ አለ። ወደ ላይ ብትል፣ ወደ ታች ብትል አባቷ የሉም። ማለቴ አሉ፤ ግን ግማሽ ፊታቸው በሰው ትከሻ ተጋርዶ፣ ወይ እጃቸውን ወደ ካሜራው ዘርግተው "ኧረ ተይኝ ልጄ" ሲሉ። በስተመጨረሻ የተገኘው የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ የተለጠፈው ጉርድ ፎቶ ነው። ፎቶ ቤት ወስደን አሳደግነው፤ ማኅተሙንም በኮምፒውተር አስጠፋነው። ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም። ጉንጫቸው ላይ ሰማያዊ ቅስት ቀርታለች። ሦስት ቀን ሙሉ ለቀስተኛ ሲገባ ሲወጣ እኔ የማየው ያችን ቅስት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ይህ ነገር አልለቀቀኝም። ፎቶ አንሺ አይደለሁም። ልጅ እያለሁ ግን ሁለት ክረምት አንድ ፎቶ ቤት ተላላኪ ሆኜ ሠርቻለሁ። እዚያ የቀሰምኳትን ይዤ ነው የምጽፈው። (የውጭውን ዓመት በፈረንጅ፣ የአገር ቤቱን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ እንዳትደናገሩ።)

የፎቶ ነገር የሚጀምረው ከቀዳዳ ነው። ኩፍኝ የያዘኝ ጊዜ ፀሐይ እንዳይነካኝ ተብሎ በርና መስኮት ተዘግቶብኝ ነበር። የእንጨቱ መስኮት ላይ አንድ ጉጥ ወልቆ ቀዳዳ ትቷል። ረፋድ ላይ ዓይኔን ስገልጥ ግድግዳው ላይ መንገዱ አለ፤ ያውም ተገልብጦ። ጭነት ያዘለች አህያ እግሯ ወደ ላይ ሆኖ ታልፋለች። ጀሪካን የያዘች ሴት በጭንቅላቷ ትሄዳለች። ተጣራሁ። እናቴ መጣች፣ በሩን ከፈተችው፣ ብርሃን ገባ፣ ሁሉም ጠፋ። "ትኩሳቱ ነው፣ አብሽር" አለችኝ።

ትኩሳቱ አልነበረም። ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ከላይ የመጣው በቀዳዳዋ አልፎ ታች ያርፋል፤ ከታች የመጣው ላይ። ባስራ የተወለደው ሊቅ ኢብኑ አል-ሀይሠም ካይሮ ተቀምጦ ይህን ካጠና 1000 ዓመት አለፈው። ካሜራ የሚለው ቃል ራሱ በላቲን "ክፍል" ማለት ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ፀሐይ የተጋረደች ዕለትም ታይቷል። ላሊበላ ላይ ቀለበት ነበረች፤ እኛ ዘንድ ማጭድ። ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ከዛፉ ሥር አፈሩ በትንንሽ ማጭዶች ተሞልቷል። በቅጠሎቹ መሀል ያለው ክፍተት ሁሉ ካሜራ ሆኖ ነበር።

ምስሉን ማየት እንግዲህ ጥንትም ነበር። ያስቸገረው ይዞ ማስቀረቱ ነው። ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒዬፕስ በ1826 ወይም በ1827 ሬንጅ መሰል ነገር የተቀባ የብረት ሰሌዳ ካሜራው ውስጥ አድርጎ በመስኮቱ ወደ ውጭ አነጣጠረ። ቢያንስ 8 ሰዓት ፈጀበት። ፀሐይዋ ዞራለችና ፎቶው ላይ ሕንፃዎቹ በግራም በቀኝም በርቶላቸው ይታያሉ። ሌላው ፈረንሳዊ ዳጌር በ1838 የፓሪስን ጎዳና ሲያነሳ ጊዜው ወደ ደቂቃዎች ወርዶ ነበር። ያም ሆኖ ጋሪውም እግረኛውም ስለሚንቀሳቀስ መንገዱ ባዶ ሆኖ ወጣ። የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እግሩን ሳጥን ላይ አድርጎ ጫማውን ሲያስጠርግ ቆሟል። ፎቶ ላይ በመውጣት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው የሚባለው። ሊስትሮው ነው ያተረፈው! ደሴ ፒያሳ ጫማ ሲጠረግ ባየሁ ቁጥር ያ ሰውዬ ትዝ ይለኛል።

እንግሊዛዊው ታልቦት ነጋቲቭን፣ ማለትም ነጩ ጥቁር ጥቁሩ ነጭ ሆኖ የሚወጣበትን ምስል፣ አመጣ፤ ከአንድ ነጋቲቭ የፈለጉትን ያህል ፎቶ ማተም ተቻለ። በ1888 ኮዳክ 100 ፎቶ የሚያነሳ ፊልም የተጫነበት ካሜራ ሲሸጥ "ቁልፉን ይጫኑ፣ ቀሪውን ለእኛ ይተዉት" ይል ነበር። የጀርመኑ ላይካ በ1925 ካሜራን ኮት ኪስ ውስጥ ከተተው። ያው ኮዳክ ቤት ውስጥ ስቲቭ ሳሰን የሚባል መሐንዲስ በ1975 የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሠራ። አንዱን ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። ድርጅቱ ፊልም ሻጭ ነውና ነገሩን አልገፋበትም። በ2012 ኪሳራ አወጀ። ከ8 ሰዓት ወደ ዓይን ጥቅሻ የመጣነው በዚህ መንገድ ነው።

መሠረቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ቀዳዳው ምን ያህል ይከፈት? ምን ያህል ጊዜ ተከፍቶ ይቆይ? ተቀባዩስ ለብርሃን ምን ያህል ስሜታም ይሁን? አፐርቸር፣ ሹተር፣ አይ ኤስ ኦ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የአፐርቸር ቁጥር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከሰውየው ኋላ ያለውም ይደበዝዛል። አይ ኤስ ኦ ድሮ ፊልሙ ካርቶን ላይ ተጽፎ ይመጣ ነበር፤ 100፣ 200፣ 400። ለኮምቦልቻ ፀሐይ 100 በቂ ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ደሴ ሲጨልም ግን ጌታዬ፣ የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ 400 ያዝ ይለኝ ነበር። ጉም እንደ መጥፎ ቀን ነው የሚቆጠረው። እኔ አልስማማም። ጉም ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ዓይን ሥር ጥላ አይጥልም። የቀትር ፀሐይ ነው ሰውን የሚያስረጅ።

አንድ ነገር ግን ላጥብቅ፤ በየሠርጉ ፎቶ የሚበላሸው በእሷ ነውና። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚነሳው። ነጭ ነጠላ የተከናነበች እናት ፊቱ ስትቀመጥ "ወይ ብርሃን!" ይልና ይቀንሳል። ነጠላው ግራጫ፣ ፊቷ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ከዚያ "ጠቁሬ ወጣሁ" ብላ ፎቶውን ትደብቃለች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ስልካችሁ ላይ ፊቷን በጣት ንኩ፤ አብዛኛው ስልክ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ያመጣል፣ ወደ ላይ ግፏት። በቃ። እንዲያውም የቀለም ፊልሙ ራሱ ለረጅም ጊዜ የሚስተካከለው በነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ያንን እንዲቀየር መጀመሪያ የወተወቱት የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ናቸው ይባላል፤ ቡናማው ነገራቸው አልለይ ብሏቸው። የእኛን ፊት ያዳነው ቁምሳጥን ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ወሎና ካሜራ ከተዋወቁ ቆይተዋል። ካሜራው ግን አብዛኛውን ጊዜ የእንግዳ ነበር።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲደርስ የመሐንዲስ ክፍሉ ፎቶ አንሺዎች አብረውት ነበሩ። የዚያን ዘመን ፎቶ መስታወት ላይ ነው። መስታወቱን መድኃኒት ይቀቡታል፣ ሳይደርቅ ያነሳሉ፣ ሳይደርቅ ያጥባሉ። ያለችው ጊዜ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ብትሆን ነው። ስለዚህ ጨለማ ክፍሉም ድንኳን ሆኖ አብሮ ይጓዛል። ያን ሁሉ ጣጣ ይዘው ነው አምባውን ያነሱት። የአፄ ቴዎድሮስ ፎቶ ግን የለንም፤ የምናውቀው ሁሉ ሥዕል ነው። የ7 ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝ ከተወሰደ በኋላ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ስመ ጥር ፎቶ አንሺ አነሳችው። በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንድዘር ተቀበረ። ያንን ፊት አይቶ ቶሎ ገጹን መግለጥ የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ ረሃቡ መጣ። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን አቀረበ። ዓመት ሳይሞላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967፣ ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር አሰናስሎ አሳየው። በማግሥቱ ጃንሆይ ከዙፋን ወረዱ። ሥዕል ከምን ጎን እንደሚቀመጥ ማወቅ ማለት ይህ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ደግሞ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው የኮረም ሥዕል በቢቢሲ ወጣ። ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። ዓለም ደነገጠ፣ እህል መጣ፣ ብዙ ነፍስ ተረፈ። ይህን የምናገረው ለማማረር አይደለም። ግን ከእነዚያ ፊቶች የስንቱን ስም እናውቃለን?

በእነዚያው ዓመታት ሌላ ወሎ ነበር። ፎቶ ቤት ውስጥ። ለዒድ አዲስ ሽርጥ ያገለደመ ጎረምሳ፣ ለመስቀል ጸጉሯን የተሠራች ኮረዳ፣ ከኋላ ሐይቅና ዘንባባ የተሳለበት መጋረጃ፣ ጎን ላይ የፕላስቲክ አበባ። ክራቫት የሌለው ከፎቶ ቤቱ ይዋሳል። እኔ የምሠራበት ቤት አንዲት ቀይ ክራቫት ነበረች፤ ግማሽ ሰፈር አንገቱን ያስገባባት። ማታ ጨለማ ክፍል እንገባለን። ቀይ አምፖል፣ የሆምጣጤ ሽታ። ነጩን ወረቀት መድኃኒቱ ውስጥ ነክሮ ሳህኑን ወዝወዝ። መጀመሪያ ብቅ የሚለው ፀጉርና ቅንድብ ነው። ቀጥሎ ዓይን። ፊት በመጨረሻ ይመጣል። ደንበኛው ማን እንደሆነ ከቅንድቡ ለይቼ ስም ስጠራ ጌታዬ ይስቅ ነበር።

ደንበኛው ፎቶውን ሲወስድ እዚያው ቆሞ ጀርባው ላይ ይጽፋል። "ለማልረሳህ ጓደኛዬ፣ መታሰቢያ ይሁንህ። ደሴ፣ ጥር 1984።" አንዳንዱ ግጥም ይጨምርበታል፤ ግጥሙ ባይጨመር ይሻል የነበረም ብዙ ነው። ግን ስም አለ፣ ቦታ አለ፣ ቀን አለ። 200 ዓመት ሙሉ ሲሻሻል በመጣው በዚህ ሙያ ያጣነው ነገር ቢኖር ይህ ነው ባይ ነኝ። የዛሬው ስልክ ሰዓቱን ይመዘግባል፤ አንዳንዴም ቦታውን። በቀኝ በኩል የቆሙት ሴትዮ የማን አክስት እንደሆኑ ግን አያውቅም።

"ሁሉም ክላውድ ላይ አለ" የሚሉኝ ልጆች አሉ። ይሁን። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ማን ነው? ስልኩ ሽንት ቤት ሲገባ፣ ሲሰረቅ፣ ቁጥሩ ሲቀየር ምን ይተርፋል? አልበሙም ቢሆን ዋስትና የለውም፤ አውቃለሁ። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ሰው ልጁንና መታወቂያውን ይዞ ነው የወጣው። ሲመለስ አልበሙን ያጣ አለ። ለዚህ ነው በሁለቱም አስቀምጡ የምለው። በዓመት አሥር ፎቶ እንኳ ምረጡና አሳትሙ። ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ ጻፉ፤ ቢክ ተጭኖ ፊቱን ያጎድፋል፣ ቀለሙም ይሰርጋል።

ከግለሰብ አቅም በላይ የሆነም አለ። ነጋቲቭ። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ አሮጌ ፎቶ ቤት ሲፈርስ ከጓሮው ጆንያ ሙሉ ነጋቲቭ ተጥሎ አይቻለሁ። ዝናብ መትቶት እርስ በርሱ ተጣብቋል። ልጆች ፀሐይ ላይ እያነሱ ያዩታል። የስንት ሰው ሠርግ ነው ያ? የሚያሳዝነው ሥራው ከባድ አለመሆኑ ነው። አንድ ስካነር፣ ሁለት ትዕግሥተኛ ተማሪ፣ የጥጥ ጓንት። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ደሴ አለ፤ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶችም አሉ። የቀሩት የፎቶ ቤት ባለቤቶች ሸምግለዋል። ነጋቲቩ ቢተርፍ እንኳ እነሱ ካለፉ ማን ማን እንደሆነ የሚነግረን የለም። ሐውልት ለማቆም ከሚወጣው ገንዘብ ቅንጣቷ ለዚህ ትበቃለች።

እኔ በበኩሌ ከቤታችን ጀምሬያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ የእናቴን ታላቅ እህት ይዤ የድሮውን አልበም ቁጭ ብለን ከፈትን። መነጽራቸውን ወልውለው አንድ በአንድ ይነግሩኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። አጎቴም ተገኙ፤ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆነው፣ ያችን ቀይ ክራቫት አድርገው። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀይ መሆኗን የማውቀው እኔ ነኝ። ጎናቸው አንድ ረዥም ሰው እጁን ትከሻቸው ላይ ጥሏል።

"ይሄስ ማነው እቴቴ?" አልኳቸው።

አስጠጉት፣ አራቁት። "ከሐይቅ እየመጣ እኛ ዘንድ ያድር የነበረው ነው። ደግ ልጅ። ስሙ... ቆይ፣ ምላሴ ላይ ነው።" ቡናው ቶና ሆኖ በረካ እስኪደርስ አሰቡ። አልመጣላቸውም።

"ክፍቱን ተወው፤ ሌሊት ይመጣልኛል" አሉኝ። ትናንት ደወልኩ። ገና ነው።