ይድረስ ለፒዲኤፍ አከፋፋዩ፦ ባሉበት ቻናል

ክቡር አድሚን፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ተከታዮችዎ፣ ደራሲዎቹ ከሚያሰሙት ለቅሶ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ከሁሉ አስቀድሜ ፍጥነትዎን ላድንቅ። መጽሐፉ ቅዳሜ ይመረቃል፤ ማክሰኞ እርስዎ ዘንድ ይገኛል። ደራሲው የማተሚያ ቤት ዕዳውን ሳይጨርስ፣ አዟሪውም ክምሩን ከክንዱ ሳያወርድ፣ «ብዙዎቻችሁ በጠየቃችሁን መሠረት» ብለው ለቀቁት። እውነት ነው፣ የጠየቁዎ ብዙ ናቸው። ያልተጠየቀው ደራሲው ብቻ ነው።

ከፋይሉ ሥር «ለትምህርት ዓላማ ብቻ» የምትለዋን ጽሑፍ እወዳታለሁ። ባለፈው የለቀቁት የፍቅር ልብ ወለድ ለየትኛው ክፍል ፈተና እንደሚጠቅም ግን አልነገሩንም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሰው ለግል ጥቅሙ አንድ ቅጂ ቢያባዛ አይከለክልም ብለው እንደሚከራከሩ ሰምቻለሁ። መከራከሪያው ባልከፋ፤ ችግሩ የእርስዎ «ግል» 40 ሺህ አባላት አሉት።

ያው አዋጅ በ1996 ሲወጣ ሆን ብሎ መብት የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲቀጣ፣ ለሞራል ጉዳት ደግሞ ከ100 ሺህ ብር የማያንስ ካሳ እንዲከፍል ደንግጎ ነበር። አይደንግጡ! ደራሲው ለመክሰስ ጠበቃ ማቆም አለበት፤ ጠበቃ ለማቆም መጽሐፉ መሸጥ አለበት፤ መጽሐፉን ደግሞ እርስዎ በነፃ አድለውለታል። የሕግ ሰዎች ቅጣቱ በዛ፣ የለም አነሰ እያሉ ሲከራከሩ እርስዎ ሦስት መጽሐፍ ይለቃሉ።

«የቆዩ መጻሕፍት» ስለሚሉት ክፍልም አንድ ነገር ልበል። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት ሳለና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፣ አዋጁ በወጣበት ዓመት። የወራሾቻቸው መብት እስከ 2046 ይዘልቃል ማለት ነው። እርስዎ ዘንድ ግን ሽፋኑ ከደበዘዘ መብቱም አብሮ ደብዝዟል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በአንጻሩ በ1931 በስደት እንግሊዝ አገር ዐርፈዋል፤ 50 ዓመቱ ካለፈ ቆየ። የእሳቸውን ሥራዎች ስካን ቢያደርጉ ከልካይ የለብዎትም፤ እኔም ቆሜ እመርቅዎታለሁ። ፈልጌ አጣኋቸው። ላይክ አያመጡማ።

ብዕር ያስነሣኝ ግን ሰሞኑን ያወጡት ማስጠንቀቂያ ነው፦ «እኛ ሌሊት ቁጭ ብለን ስካን ያደረግነውን የቻናላችንን ስም እየፋቃችሁ የምትለቁ ሌቦች፣ በሕግ እንጠይቃችኋለን!»

አድሚን፣ እንባዬ መጣ። ልፋት ዋጋ እንዳለው፣ የሰው ስም መፋቅ ነውር እንደሆነ፣ ሳያስፈቅዱ መውሰድም ሌብነት መሆኑን ከእርስዎ አፍ ሰማሁ! የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይህን ሁሉ ዘመን ሲያስረዳን የኖረውን በሦስት መስመር ጨረሱት። በየገጹ መሐል በሰያፍ፣ በቀይ፣ ከደራሲው ስም በሚበልጥ ፊደል የቻናልዎን ስም ያተሙትም ለካ ለዚህ ኖሯል። እኔማ ማስታወቂያ መስሎኝ።

እንግዲህ እባክዎ ክሱን ይመሥርቱ። ችሎቱን ለመከታተል ከሥራ አስፈቅጄ እመጣለሁ። ዳኛው «ሥራው የእርስዎ ለመሆኑ ማስረጃ አለዎት?» ሲሉ ዐይንዎን ሳያሹ ገጽ 87ን ያቅርቡ። የግራ እጅዎ አውራ ጣት ከነጥፍሩ አንድ ሙሉ አንቀጽ ሸፍኖ ተነሥቷል። ጥራቱ ግሩም ነው፤ አሻራው ሳይቀር ይቆጠራል። እሱን የእኔ ነው የሚል ሌላ ተከራካሪ አይመጣብዎትም።

አክባሪዎ፣
ከጣትዎ ሥር ያለውን ለማንበብ መጽሐፉን የገዛው አንባቢ