«ሰው የለኝም»

በዐቢይ ጾም ስብራታችንን ከእግዚአብሔር ፊት አንደብቅ ማለትዎ ልቤን ነካው። ለእኔ ከ55ቱ ቀናት የምትበልጥብኝ አራተኛዋ እሑድ ናት፤ መፃጉዕ፣ ጌታ የፈወሰው በሽተኛ ታሪክ በወንጌል የሚነበብባት። ሰውየው 38 ዓመት አልጋ ላይ ነው። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው አዎ እንኳ አላለም። «ሰው የለኝም» ነው ያለው።

አምና እናቴን በቀበርኩ በወሩ ይህ ሲነበብ ሰማሁ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ አለቀስኩ። እስከዚያ ድረስ ጾሜ ሰዓት መቁጠር ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ሽሮዬን በልቼ፣ የዛሬውም አለቀ ማለት። ያን ቀን ግን ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም። እነዚያኑ ሁለት ቃላት ደጋገምኳቸው።

ደግሞ ልብ በሉ፣ «አልጋህን ተሸክመህ ሂድ» ነው የተባለው። ጥለኸው ሂድ አልተባለም።