ሳንቲም የሚጎርስ መብራትና የጣና መጋረጃ

ፍሎረንስ የሚመጣ ሐበሻ እንግዳ ዱኦሞን፣ ትልቁን ካቴድራል፣ አይቶ ኡፊዚ የሥዕል ሙዚየም ወረፋ ይይዛል። ከባቡር ጣቢያው ሩብ ሰዓት ያህል በእግር ወደ አርኖ ወንዝ ቢወርድ፣ ሳንታ ትሪኒታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለችው የሳሴቲ ጸሎት ቤት ያለ ወረፋ ትጠብቀዋለች። እኩለ ቀን ላይ ስለሚዘጋ በጠዋት ወይም ወደ ማታ መሄድ ነው። ዝርዝር ሳንቲም ይያዝ፤ መብራቱ ካልጎረሰ አይበራም፣ ጥቂት ቆይቶም ድርግም ይላል። ጣና ደሴቶች ላይ መጋረጃውን ገልጦ፣ በመቋሚያው እየጠቆመ ታሪኩን የሚያወርድ ካህን አይጠፋም። እዚህ ግን ታሪኩን አውቆ መምጣት የእንግዳው ፈንታ ነው።

የጸሎት ቤቷን ሥዕሎች ሠዓሊው ጊርላንዳዮ ከ1483 እስከ 1485 እ.ኤ.አ. ሠራቸው፤ ከፋዩ የሜዲቺ ባንክ ሹም ፍራንቼስኮ ሳሴቲ ነበር። ታሪኩ የስሙ ቅዱስ የፍራንቸስኮስ ነው። ከላይ ጳጳሱ የፍራንቸስኮስን የማኅበር ሥርዓት ሲያጸድቁ ይታያል፤ ሮም ውስጥ የተፈጸመው ይህ ነገር ፍሎረንስ አደባባይ ላይ ተስሏል፤ በስተቀኝ ሳሴቲ ከባንኩ ጌታ ከሎሬንዞ ዴ ሜዲቺ ጎን ቆሟል። አለቃን ማስደሰት እንዲህ ነው! ከታች ከመስኮት ወድቆ የሞተ ልጅ ሲነሳ ይታያል፤ ቦታው ደጁ ላይ ያለው አደባባይ ነው። ወጥቶ ማመሳከር ደስ ይላል፤ ድልድዩም የቤተ ክርስቲያኑ ፊትም ያኔ እንደነበሩት አይደሉም። ሳሴቲና ሚስቱ መሠዊያው ግራና ቀኝ ተንበርክከዋል። ጣና ደሴት ላይ ባለው ናርጋ ሥላሴ ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተዋል። ያሠራ ሰው ከሥዕሉ አይቀርም፤ ልዩነቱ አቀማመጡ ላይ ነው።

ትልቁ ልዩነት ግን ከሥዕሉ ኋላ ነው። የሳሴቲዎቹ ፍሬስኮ፣ ማለትም እርጥብ ልስን ላይ የተሣሉ ናቸው። ፍሬስኮ ሲሠራ ግድግዳው መጀመሪያ በኖራና በአሸዋ ሻካራ ልስን ይለሰናል። በላዩ ቀጭን ልስን የሚደረገው በዚያ ቀን ተሥሎ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ነው። ቀለሙ በውኃ ብቻ ይበጠበጥና ልስኑ ሳይደርቅ ይቀባል፤ ኖራው ከአየር ጋር ተዋህዶ ወደ ድንጋይነት ሲመለስ ቀለሙን ውስጡ ይዞ ይቀራል። የዘገየ ሠዓሊ የተረፈውን እርጥብ ልስን በቢላ ቆርጦ ይጥላል። በጎን ቆሞ በአግድም ብርሃን የሚያይ ሰው የአንዱ ቀን ሥራ ከሌላው የተጋጠመበትን ስፌት ያገኛል። ከመዳብ ማዕድን የሚገኘው ሰማያዊ ብዙ ጊዜ ደረቅ ልስን ላይ በሙጫ ስለሚቀባ ቀድሞ የሚረግፈው እሱ ነው።

የኛዎቹ፣ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴም ሆነ ጣና ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ በአብዛኛው ጨርቅ ላይ ተሥለው በጭቃ ምርጉ ላይ የተለጠፉ ናቸው። ስለዚህ አሟሟታቸውም ይለያያል። ፍሬስኮን የሚገድለው ከመሠረት የሚወጣ እርጥበት ነው፤ ጨው ተሸክሞ ይወጣና ከቀለሙ ሥር ረግቶ ይፈነቅለዋል። ከ1966ቱ የአርኖ ጎርፍ በኋላ የፍሎረንስ ጠጋኞች በአሞኒየም ካርቦኔትና በባሪየም ሃይድሮክሳይድ የተነከረ ልጥፍ እየለጠፉ የጠወለገውን ልስን አጠንክረዋል። የኛን የሚገድለው ከላይ የሚያፈስ ጣሪያ ነው። ውኃ ሙጫውን ያሟሟል፣ ጨርቁ ከላይኛው ጠርዝ ይለቅና በገዛ ክብደቱ ይገነጠላል። የሌሊት ወፍ ኩስና የጧፍ ጥላሸት የቀረውን ይጨርሳሉ።

ውጭ ያለው ወገን ለአገሩ ደብር ብር ሲያዋጣ ግን ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ሥዕሉን "ማሳደስ" ነው፤ ማለትም በአሮጌው ላይ የሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም ማስቀባት። የዘይት ቀለሙ ሲደርቅ እንደ ቆዳ ይጠነክራል፤ ጨርቁ ሲሸበሸብ እሱ ይሰነጠቃል፣ ሲነሳም የታችኛውን ይዞ ይነሳል። ያ ብር መጀመሪያ መዋል ያለበት ለጣሪያው ክዳን፣ ለአሸንዳና ዙሪያውን ለሚቆፈር የውኃ መውረጃ ቦይ ነው። የለቀቀ ጨርቅም በሚስማር አይመታም፤ ባለሙያ እስኪመጣ ከሥሩ በሰፊ ጣውላ ደገፍ አድርጎ ማቆየት ይበቃል።